ባለቤቴ ለእሷ የሠራው ባንኮኒ

ባለቤቴ ያንን ባንኮኒ እንደሠራው የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። ባምባሲ ውስጥ የአንድ ቡና ነጋዴን መኖሪያ ቤት ሳሰናዳ ሰንብቼ ወደ አሶሳ እየተመለስኩ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው የመጋረጃ ጨርቅ ሻጭ ደንበኛዬ ትከሻዬን መታ አደረገችና፣ «የባልሽን ሥራ አየነው እኮ! አዲሱ ሆቴል የገባ ሁሉ እሱ ፊት ፎቶ ሳይነሳ አይወጣም» አለችኝ።

«የቱን ሥራ?»

«ባንኮኒውን ነዋ! የእንግዳ መቀበያውን። እንዴት አድርጎ እንዳጠፈው እንጃለት። እንጨት ሳይሆን ጨርቅ ይመስላል።»

እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ስልክ ስንደዋወል «ሆቴሉ ጋ ትንሽ ሥራ አለችኝ» ከማለት በቀር ምንም አላለኝም። ያ ሆቴል ደግሞ እኔ ሙሉውን እሠራዋለሁ ብዬ ተስፋ አድርጌ ግማሹን ብቻ ያገኘሁት ሆቴል ነው። የላይኞቹን መኝታ ክፍሎች ሰጡኝ። ታችኛውን፣ ማለትም መቀበያውንና ምግብ አዳራሹን፣ ለእሷ፣ ለሌላዋ የቤት ውስጥ ንድፍ ሠሪ፣ ሰጧት።

ስለ እሷ ከመናገሬ በፊት ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ያደግኩት በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ አምባዎች በአንዱ፣ ግድግዳው ቀርቀሃ በሆነ ጎጆ ውስጥ ነው። ልጅ ሆኜ ከጎረቤት ሴቶች ጋር አሶሳ ገበያ ስንወጣ፣ በሩ የተከፈተ ቤት ባየሁ ቁጥር ቆሜ ወደ ውስጥ እመለከት ነበር። ሶፋው የት ዞሯል፣ ብርሃኑ በየት በኩል ይገባል፣ ግድግዳው ምን ተቀብቷል። እናቴ እጄን ይዛ እየጎተተች «የሰው ቤት አይታይም!» ትለኝ ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ የቤት ውስጥ ንድፍ ተምሬ ስመለስ የሰው ቤት ማየት እንጀራዬ ሆነ።

ያን ጊዜ አሶሳ ውስጥ ዲኮር ሲባል የሠርግ አዳራሽ ፊኛና አበባ ነበር የሚመስላቸው። የመጀመሪያ ሥራዬ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። ቀጥሎ መድኃኒት ቤት፣ ቀጥሎ የመንግሥት ቢሮ፣ የባንክ ቅርንጫፍ፣ ምግብ ቤቶች፣ ከዚያም የሰው መኖሪያ። ባለቤቴን ያገኘሁት በመድኃኒት ቤቱ ሥራ ላይ ነው። መደርደሪያዎቹን የሠራው እሱ ነው። ሲሠራ ያጎነበሰውን አንገቱን እያየሁ ወደድኩት። ከተጋባን በኋላ እኔ ንድፉን አመጣለሁ፣ እሱ ይሠራል። ለብዙ ዓመት እንዲህ ኖርን። ሰው ሁሉ የእኔና የእሱን ሥራ አንድ አድርጎ ነበር የሚያየው፤ እኔም እንደዚያው።

ሙያችን ሲያዩት የደስታ ሥራ ይመስላል፤ ቅናት ግን አብሮት ይኖራል። ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ምንጣፍና መብራት ስትመርጪ ትውያለሽ፣ ማታ ከሥራ በተረፈ ሴራሚክ ወደተለበጠ ኩሽናሽ ትገቢያለሽ። የእኛ ቤት ሁለቱ መስኮቶች የተለያየ መጋረጃ ነበራቸው። ሁለቱም የሰው ቤት ቁራጭ ናቸው። አንድ ጊዜ የወርቅ ነጋዴ ሚስት የሆኑ፣ ሐጃ የምንላቸው የበርታ ብሔረሰብ እናት፣ መኝታ ቤታቸውን ጨርሼ ሳስረክባቸው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና፣ «ወላሂ፣ አንተ ቤትህ ከዚህ ይበልጣል አይደል?» አሉኝ። አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። «ይበልጣል ሐጃ» አልኳቸው። ምን ልበል?

እሷ የመጣችው በዚያው ዓመት ነው። ባሏ እዚህ መሥሪያ ቤት ተመድቦ አብራው ከአዲስ አበባ መጣች። ከእኔ ታንሳለች። ጮክ ብላ ትስቃለች፤ አትቸኩልም። ልብሷ ላይ ቀለም ቢነካት እንኳ ሆን ብላ ያደረገችው ይመስልባታል። መጀመሪያ ስንተዋወቅ እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እህቴ፣ እዚህ አገር የሙያ አጋር በማግኘቴ ደስ ብሎኛል» አለችኝ። እኔም ደስ ያለኝ መሰለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሐጃ ሳሎናቸውን እንድትሠራ እሷን ጠሩ። መኝታ ቤቱን የሠራሁት እኔ፣ ሳሎኑን እሷ! እንኳን ደስ አለዎት ለማለት በሚል ሰበብ ሄድኩ። ገብቼ ቀና ስል ኮርኒሱ ቀርቀሃ ነው። የተላጠ፣ የተወለወለ፣ እንደ ስፌት የተሰናሰለ ቀርቀሃ፣ ከኋላው መብራት ተደብቆበታል። ክፍሉ የማር ቀለም ነበረው። ሐጃ እንግዶቻቸውን በዐረብኛና በበርታ እያቀላቀሉ «እዩ፣ እዩ» ይላሉ። እኔ አንገቴን እንዳቀናሁ ቀረሁ። ከቀርቀሃ ግድግዳ ለማምለጥ አዲስ አበባ ድረስ የሄድኩ ሰው ነኝ። ተምሬ ስመለስ ያመጣሁት ጂፕሰምና የሚያብለጨልጭ የግድግዳ ወረቀት ነው። እሷ ከአዲስ አበባ መጥታ የእናቴን ግድግዳ አንስታ ጣሪያ ላይ ሰቀለችው፤ ሰውም እጁን አፉ ላይ ጫነ። ቆንጆ አልነበረም ማለት ብችል ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው የባንኮኒው ወሬ የመጣው።

ከሚኒባሱ ወርጄ ቤት አልሄድኩም። ሻንጣዬን እንደያዝኩ በባጃጅ ሆቴሉ ጋ ደረስኩ። ባንኮኒው ከበሩ ፊት ለፊት ነበር። ከአንዱ ጥግ ይነሳና ወገቡ ላይ ገባ ብሎ፣ እንደገና ወጣ ብሎ፣ ወደ ደረጃው ይዞራል። ማዕዘን የለውም። የዋንዛ እንጨቱን ስስ አድርጎ ሰንጥቆ፣ አርጥቦ፣ ቅርጽ ላይ አስሮ ካደረቀው በኋላ ነው ደራርቦ ያጣበቀው። ጎንበስ ብዬ ከስሩ በጣቴ ዳበስኩት። ማንም የማያየው ቦታ ነው፤ እሱም ለስልሷል። የባለቤቴን እጅ አውቀዋለሁ። ለእኔ ሥራ ግን ስሩን አለስልሶ አያውቅም።

«እንግዳ ነዎት? ክፍል ፈልገው ነው?» አለችኝ ከባንኮኒው ኋላ የተቀመጠችው ልጅ።

«አይ፣ የላይ ክፍሎቹን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ልጅቷ ፈገግ ብላ ወደ መዝገቧ ተመለሰች።

በዚህ መሀል እሷ ከምግብ አዳራሹ ወጣች። «መጣሽ እንዴ! አየሽው? ባልሽ እኮ ወርቅ ነው። ደብቀሽ ኖረሻል።»

«አልደበቅኩትም» አልኳት። ድምፄ ቀጥኖ ለራሴም ተሰማኝ።

ከዚያ ወደ ባለቤቴ ሥራ ቤት ሄድኩ። በር እየላገ ነበር። ሻንጣዬን መሬት ላይ ሳስቀምጥ ቀና ብሎ ሳቀ። ገና እንኳን ደህና መጣሽ ሳይለኝ፣ «ለባንኩ ሥራ ክብ ባንኮኒ ስጠይቅህ ምን ነበር ያልከኝ?» አልኩት።

መላጊያውን አስቀመጠ። «አይቻልም አልኩሽ።»

«ለፀጉር ቤቱስ?»

«አይቻልም አልኩሽ።»

«ለእሷ እንዴት ተቻለ?»

ባለቤቴ ሰው ለማስደሰት ብሎ አይዋሽም፤ ይህ ጠባዩ አንዳንዴ ያሳምማል። «አንቺ አይቻልም ስልሽ እሺ ትያለሽ» አለኝ። «እሷ እሺ አትልም። ሦስት ጊዜ ተሰበረብኝ። እኔ ተውኩት፣ እሷ አልተወችውም።»

እሺ የምለው ስለምወድህ ነው፣ ድካምህን ስለማይ ነው ልለው ፈልጌ ነበር። ሻንጣዬን አንስቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከባድ ነበሩ። የአንድ ደንበኛዬን ሶፋና ቁም ሳጥን ባለቤቴን ትቼ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ከርሞ የሶፋው እግር ተሰብሮ ደረሰ። ባለቤቴ ማንም ሳይጠይቀው ሄዶ ጠገነው። ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ባይጠግነው ምን ነበረበት?

በሥራ ቤቱ በኩል ማለፍ አበዛሁ። እሷ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነበረች። አንድ ቀን ከደጅ ቆሜ ሰማኋቸው። የምግብ አዳራሹን ወንበር መደገፊያ ይዛ፣ «አይ፣ ጀርባን ይቆረቁራል። ይቅርታ አድርግልኝ፣ እንደገና» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። «አንቺ ሴትዮ ልትገይኝ ነው» እያለ ይስቃል። እኔ አንድ ሥራ መልሼበት ስቆ አያውቅም፤ ትንፋሹን ቁና ቁና ተንፍሶ ነው የሚቀበለኝ።

የጎረቤት ሴቶች አንዳንድ ነገር ጣል ማድረግ ጀምረው ነበር። «ያቺ የአዲስ አበባዋ እዚያ ሥራ ቤት ታበዛለች አይደል?» ይሉኛል፣ እንደ ቀልድ አድርገው። አልሰማሁም ብዬ አልፋለሁ። አንድ እሑድ ምሳ በልተን ሳህኑን ሳነሳ ግን ራሴም ሳላስበው፣ «ትወዳታለህ?» አልኩት።

ደነገጠ። ፊቴን አየኝና የምሬን መሆኑን ሲረዳ፣ «ሥራዋን እወዳለሁ» አለኝ።

«እሱ ነው የሚብሰው» አልኩት።

እውነቴን ነበር። ሌላውን ቢለኝ ልጮህ፣ ላለቅስ፣ ሽማግሌ ልሰበስብ እችል ነበር። ለዚህኛው ማንን እጠራለሁ? ሽማግሌ ሰብስቤ «ባሌ ለሌላ ሴት የተሻለ ወንበር ሠራላት» ልበል?

ማንኩሽ ላይ የእንግዳ ማረፊያ የሚያሠራ ሰው የጠራን በዚህ ጊዜ ነው። ሰውየው የሆቴሉን ታችና ላይ አይቶ ሁለቱንም ወደደ፤ ሁለታችንንም ፈለገ። እንጨቱን ደግሞ ያው ባለቤቴ። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን በአንድ መኪና ሄድን። እሷ መኪና ያስታውከኛል ብላ ከፊት ተቀመጠች፣ እኔና እሱ ከኋላ። መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላ እየዞረች ስለ እንጨት ታወራዋለች። ደግነቱ ሼርቆሌን ስናልፍ ማስታወክ ጀመረችና ዝም አለች። በዚህ መደሰቴን አልደብቅም። መኪናው ሲቆም ግን ውኃ ይዤላት የወረድኩት እኔ ነኝ።

ማንኩሽ ሙቀቱ ሌላ ነው። ክፍሎቹን ገብቼ ሳይ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። እሷ ለእንግዳ መቀበያው የሳለችው የሚያምር ነገር ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ በእንጨት የተዘጋ ግድግዳ። እኔ ግን ከመኝታ ክፍሎቹ በአንዱ ውስጥ ወንበር ስቤ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። በአቅራቢያው ካለው ትልቅ ግድብ ሥራ የሚመጣ ሰው እዚህ ተቀምጦ ምን ይፈልጋል? ነፋስ። ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ዐይን ግን የማያሳልፍ መጋረጃ ግድግዳ ሣልኩ። ስስ ስስ የሆኑ የቀርቀሃ ቁራጮች አንዱ በአንዱ ላይ ጋደል ብለው የተደረደሩበት፣ ሰው እንደ ፀሐዩ አቅጣጫ የሚከፍተውና የሚዘጋው። አዎ፣ ቀርቀሃ። ለባለቤቴ አሳየሁት።

አገላብጦ አየውና፣ «ይሄማ አይቻልም። ቀርቀሃ ክብ ነው፣ እኩል አይጋደልም» አለኝ።

እሷ በአጠገባችን ቆማ ነበር። «እሺ አልልህም» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኝ ይመስል ነበር። ከዚያ ትንፋሹን ቁና ቁና ተነፈሰና ቀርቀሃውን አነሳ።

የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ተከፍቶ አልዘጋ አለ። «ተይው» አለኝ፣ አልተውኩትም። ተቆጣኝ፣ ተቆጣሁት። እሷ እየሰማች ነው፤ ግድ አልሰጠኝም። በኋላ ቀርቀሃውን ለሁለት ከፍሎ ሆዱን በሆዱ ላይ ሲያጣብቀው መንገድ ተገኘ። ሥራው ተጠናቆ ግድግዳው የቆመ ቀን ከወንዙ በኩል የሚመጣው ነፋስ ክፍሉን ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ የማረፊያው ባለቤት ሸሚዙን ከደረቱ ላይ ገልጦ መሀል ላይ ቆሞ ቀረ። እሷ ዝም አለች። ሌላ ጊዜ ሥራ ስታይ ትጮሃለች፣ ታጨበጭባለች። በዚያን ቀን አንዱን ቁራጭ ከፍታ፣ ዘግታ፣ መልሳ ከፍታ፣ «ይሄ እንዴት ለእኔ አልመጣልኝም?» አለች፣ ለራሷ። ያቺን ዝምታዋን አወቅኳት። እኔ በሐጃ ሳሎን ውስጥ ዝም ያልኩት እንደዚያ ነው። በሕይወቴ ከሰማሁት ምስጋና ሁሉ ያቺ ዝምታ በለጠችብኝ።

ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆንን ማለት አልችልም። ቡና እንጠጣለን፣ ስለ ቀለም ዋጋ መናር እናማርራለን፣ እሷ ሥራ ስታገኝ ያው ቅናቴ ይነቃል። ባሏ ሲዛወር ተመልሳ አዲስ አበባ ገባች። ስሸኛት ማልቀሷ ደንቆኛል። እኔም አለቀስኩ፤ ስለምን እንዳለቀስኩ ግን አሁንም አልለየሁትም።

መሄዷ ነገሩን የጨረሰው መስሎኝ ነበር። አልጨረሰውም። አዲስ አበባ ትልልቅ ሥራ አገኘች፤ ወንበሩን ሁሉ ከአሶሳ ከባለቤቴ ማዘዝ ጀመረች። ስልኩ ሲጮህ ከሳቁ እሷ መሆኗን አውቃለሁ። የእሷ ወንበሮች ተጠቅልለው ጭነት መኪና ላይ ሲወጡ ገመዱን የማጠብቀው እኔ ነኝ። ሥራ ቤቱ ሰፋ፣ ቤታችን ተለወጠ፣ ሁለቱም መስኮቶች አንድ ዓይነት መጋረጃ አገኙ። በእሷ ሥራ ገንዘብ መገዛቱን እያሰብኩ ነው መጋረጃውን የሰቀልኩት።

ባለፈው ዓመት የእናቶች ክሊኒክ ሥራ አገኘሁ፤ የግል ክሊኒክ ነው። የመጠበቂያ ክፍሉን ለነፍሰ ጡሮች እንደሚሆን አድርጌ ነደፍኩት። አግዳሚው ከተለመደው ከፍ ያለ፣ ጀርባው ወገብ የሚደግፍ፣ እናት ስትነሳ የምትይዘው ክንድ ያለው። ለባለቤቴ ሳሳየው የአዲስ አበባው ትዕዛዝ እጁን እንደያዘው ነገረኝ። «ወር ጠብቂኝ» አለኝ። ክሊኒኩ መጠበቅ አይችልም ነበር። ከድባጤ በዚያ በግጭቱ ክፉ ጊዜ ተፈናቅሎ መጥቶ እኛ ሰፈር በቆርቆሮ መጠለያ ሥር ሥራ የጀመረ የሺናሻ አናጢ አለ። ንድፉን ለእሱ ሰጠሁት። ባለቤቴ «መልካም» አለ፣ ከወንበሩ ቀና ሳይል።

ክሊኒኩ ሲመረቅ አብረን ሄድን። ሰው ሁሉ ዳቦ ሲቆርስ ባለቤቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ተነሳ። እንደገና ተቀመጠ። ክንዱን ይዞ እንደ እርጉዝ ሴት ተነሳ። ሁለት ነፍሰ ጡሮች እያዩት ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። ቤት ስንመለስ ምሳውን በቅጡ አልበላም።

«ጀርባውን ያጠፈው እንዴት አድርጎ ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«አልጠየቅኩትም።»

«እንዴት አትጠይቂውም?»

«ሄደህ ጠይቀው።»

«እኔ?» አለና ሳህኑን ገፋ። «ምን ብዬ ነው የምጠይቀው?»

ፊቱን አየሁት። ያንን ፊት በመስታወት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። የደስታ ሳቅ ብቻ ግን አልነበረም፤ አሳዘነኝም።

ለብዙ ቀን ነገሩን አላነሳውም። ከዚያ አንድ ጠዋት ለአንድ ምግብ ቤት ቀለም ልመርጥ ስሄድ በአናጢው መጠለያ በኩል አለፍኩ። ባለቤቴ እዚያ ነበር። ሁለቱም እንደ ክሊኒኩ ያለ ሌላ ያላለቀ አግዳሚ ገልብጠው ተንበርክከዋል። ባለቤቴ በእጁ የሆነ ነገር እያጠፈ ያሳያል፣ ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። የእኔ ንድፍ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ጥጉን ድንጋይ ጭነውበታል። ስለ እኔ ሥራ ነው የሚያወሩት፤ እኔን የጠራኝ የለም።

ያው የማውቀው ቅናት መጣብኝ። የቀለሙን ናሙና ከብብቴ ሥር አደረግኩና መንገዱን ተሻግሬ ገባሁ። «ያ ክንድ ዝቅ ብሏል» አልኳቸው፣ ገና ሰላም ሳልላቸው። ሁለቱም ቀና አሉ። ባለቤቴ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና ተንበረከክኩ።